ስታያቸው ምን አደረገች?

መዝናኛ ፓርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ትኬት ቢሮ ውስጥ ሰብስበው፣ «ድግስ ይገባናል ወይስ አይገባንም? ሳትፈሩ ተናገሩ» አሉን። ሐሳባቸውን ጨርሰው እንደመጡ ግን ያስታውቅ ነበር፤ የመድረኩ ንድፍ ተጠቅልሎ ብብታቸው ሥር ነው።

መጀመሪያ የተናገረው መካኒካችን ነው። ከሥራ ብዛት ጣቶቹ ራሳቸው ብሎን ስለሚመስሉ «ብሎን» እንለዋለን።

«አለቃ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእንጨት ፈረሶቹን አዞርን፣ አዞርን፤ ያው የተነሡበት ናቸው። የት ደረስን ብለን ነው የምንደግሰው?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሥራ አስኪያጁም ስቀው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ፣ ጠፊዋ?»

ጠፊዋ እኔ ነኝ። ስሙ የወጣልኝ በአምስት ዓመቴ ነው። ፓርኩ በተከፈተ ሰሞን እናቴ ትኬት ልትቆርጥ ዞር ስትል እጇን ለቅቄ ጠፋሁ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የጠፉ ልጆች ክፍል ውስጥ ተገኘሁ። እናቴ ይህን በየሠርጉና በየልደቱ ሳታወራ አትነሣም። «እኔ ነፍሴ ልትወጣ፣ እሷ ተቀምጣ ብስኩቷን ትቆረጥማለች!» ስትል የማይስቅ የለም። ታሪኩን እየሰማሁ አደግኩ፤ ሃያ ሲሞላኝ እዚያው ክፍል ተቀጠርኩ። ዛሬ የክፍሉ ኃላፊ ነኝ።

«ይገባናል» አልኩ። «እዚህ ጠፍቶ ያልተገኘ ልጅ የለም። ይኼ ብቻውን አይበቃም?»

ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን መቱት። «በቃ! በዓሉን የምትከፍቱት አንቺና እናትሽ ናችሁ። እናት መድረኩ ላይ ትቆማለች፣ አንቺ ከታች ሮጠሽ ትጠመጠሚባታለሽ!»

«ሠላሳ አምስት ዓመቷ እኮ ነው፣ አለቃ። በሩጫ ከመጣች መድረኩም አይችላት» አለ ብሎን።

እናቴ ስነግራት፣ «ጉልበቴን ያመኛል፣ መድረክ ምን ያደርግልኛል?» አለች። ዓይን አፋርነት መሰለኝ። አዲስ ጫማ ገዝቼ አግባባኋት።

ክፍላችን ልጅ ሲመጣ የመጣበትን ሰዓት፣ የለበሰውንና የያዘውን መዝገብ ላይ እናሰፍራለን። ወላጅ ሲመጣ ደግሞ ዝም ብለን አናስረክብም። የመዝገቡ የመጨረሻ አምድ «ሲያያቸው ምን አደረገ?» ይላል። ያንን አምድ ያመጣችው የመጀመሪያዋ ጠባቂ ናት። እትዬ እላት ነበር። ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ አራት ዓመት አብረን ሠርተናል። «ሰውየው ምን እንደሚል ተይው» ትለኝ ነበር፤ «አንቺ የልጁን እግር እይ።» ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ለእንግዶች የሚታይ የመጀመሪያው ዓመት መዝገብ ፈለጉ። ዕቃ ቤት ገብቼ፣ ከተሰበረ የፈረስ ጭንቅላት ሥር፣ ከአንድ ካርቶን ውስጥ አገኘሁት። የእትዬን ክብ ክብ ጽሕፈት ወዲያው ለየሁት። ክፍሌ ወስጄ ስሜ ያለበትን ገጽ ፍለጋ ሳገላብጥ እየሳቅኩ ነበር።

«ሴት፣ አምስት ዓመት፣ ቀይ ሹራብ። የመጣችበት፦ እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የያዘችው፦ ፌስታል፤ ውስጡ ሁለት ቀሚስ፣ ሦስት ሙታንታ፣ ፒጃማ፣ የጥርስ ብሩሽ። የወሰዳት፦ እናት። ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት።»

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። «ማክሰኞ» የሚለውን በጣቴ አሸሁት፤ ቆሻሻ መስሎኝ ነው መሰል። አልለቀቀም። ደግሜ ከላይ ጀመርኩና ብሩሹ ላይ ስደርስ ጣቴን አቆምኩ። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የስንቱን ልጅ ቦርሳ ፈትሻለሁ። ኳስ አግኝቻለሁ፤ አንዴ ነፍስ ያላት ጫጩት አግኝቻለሁ። የጥርስ ብሩሽ ይዞ ፈረስ ሊጋልብ የመጣ ልጅ አላየሁም።

በመጨረሻው አምድ እትዬ እንዲህ ጽፋለች፦ «እናትየው አለቀሱ። ልጅቷ አባበለቻቸው።»

ደንባችን እስከ መዝጊያ ወላጅ ያልመጣለት ልጅ ለፖሊስ ይሰጥ ይላል። ገጹ ላይ ስለ ፖሊስ አንድም ቃል የለም። ታዲያ ሁለት ሌሊት የት አደርኩ? ይሄኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እትዬ ታማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቷ ልጠይቃት የሄድኩ ዕለት፣ ሳልጠይቅ፣ በሁለት በሮች አልፌ በቀጥታ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ስመለስ ከአልጋዋ ሆና ትኩር ብላ አየችኝ፤ ፈገግ አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ቀንም፣ ከዚያ በፊትም፣ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

እናቴ ስምንት ሰዓት ላይ እያነከሰች ገባች። «ይኼ ጫማሽ እኮ ገደለኝ! ብሎንን ጠርተሽ በመፍቻ ያውልቅል—» መዝገቡን አየች። ተጠግታ አነበበች። አሁንም ስሕተት ነው ትለኛለች ብዬ እየጠበቅኩ ነበር።

«ቀድጄዋለሁ ብላኝ ነበር» አለች።

መዝገቡን ወደ እሷ ገፋሁት።

«ሁለት ቀን የት ነበርሽ፣ እማ?»

በመስኮቱ በኩል ከመንገዱ ማዶ ያለውን ፌርማታ አሳየችኝ። «እዚያ። ሲዘጋ ሴትዮዋ እጅሽን ይዛ ወጣች፤ ተከተልኳችሁ። እንዳልጠላችሽ አየሁ። ጠዋት ይዛሽ ስትመለስ እኔም ፌርማታዬ ተመለስኩ።»

«ለምን ተውሽኝ?»

«አባትሽ ሄደ፤ ከቤት አስወጡኝ፤ የማበላሽ አልነበረኝም። ልጆች ከሚስቁበት ቦታ ላስቀምጣት፣ እዚያ ክፉ ሰው አያገኛትም አልኩ። ሌላ ቦታ አላውቅም ነበር፣ ልጄ።»

«ለምንስ ተመለስሽ?»

«ማክሰኞ ጠዋት ፀጉርሽን ጎንጉናልሽ መጣች። መጎንጎን አትችልም፤ አንዱ ረዝሞ አንዱ አጥሮ፣ ከማዶ ይታየኛል። እሱን ላስተካክል ብዬ ተነሣሁ። ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ።»

ማልቀስ ጀመረች። እጄን አየሁት፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። አልተነሣም። በአምስት ዓመቴ የቻልኩትን አሁን አልቻልኩም።

ሥራ አስኪያጁ በሩን በርግደው ገቡ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ሰዉ ሞልቷል! ደግሞ ከአሁኑ ለቅሶ? ለመድረኩ አስቀሩት እንጂ!»

«እኔ አልወጣም» አልኩ።

እናቴ ፊቷን በመሐረቧ ጠረገች። «እኔ እወጣለሁ» አለችና እያነከሰች ተከተለቻቸው።

ክፍላችን ግድግዳ ላይ ድምፅ ማጉያ አለ፤ የጠፋ ልጅ የምናስጠራበት መስመር ነው። ድምፅዋ በእሱ መጣ። «ያኔ ትኬት ልቆርጥ ዞር ስል...» በየሠርጉ የምትለው፣ ቃል ሳይጎድል። ሰዉ ከወዲሁ መሳቅ ጀመረ። መስማት አልፈለግኩም፤ ላጠፋው ተነሣሁ።

እናቴ ድንገት ወሬዋን አቋረጠች።

«አይ። ዞር አላልኩም። አስቀምጫት ነው የሄድኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ትቻታለሁ።»

ውጭ ሳቁ ቀጥ አለ። የትልቁ መንኮራኩር ሲጥ ሲጥ ማለት እስከ ክፍሌ ይሰማኛል።

«ለፈረሶቹ ከሆነ ድግሱ፣ እኔ አላውቅም» አለች እናቴ። «እዚህ አንዲት ሴት ነበረች። ልጄን እቤቷ ወስዳ አሳደረችልኝ። ስመለስ አልሰደበችኝም፤ ለማንም አልተናገረችም። የበዓሉ ወረቀታችሁ ላይ ፈለግኳት፣ የለችም። ለእሷ ከሆነ ደግሱ።»

ድምፅ ማጉያው ቀጭ ብሎ ጠፋ። ወዲያው፣ ሰዉን ለማስረሳት መሰለኝ፣ የፈረሶቹ ሙዚቃ ተለቀቀ፤ ሁለት ዙር እንኳን ሳይሞላ እሱም ተቋረጠ። ሞተሩን ያጠፋው ብሎን መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው።

በሩን ከፈትኩ። እናቴ መድረኩ ላይ ብቻዋን ቆማለች፤ አንዱን ጫማ አውልቃ በእጇ ይዛዋለች። አየችኝ። እጆቿን አልዘረጋችም፤ እንድትዘረጋም አልጠበቅኩም። የምታየው እግሬን ነበር።

አልሮጥኩም። እትዬ ብትኖር ምን ብላ እንደምትጽፍልኝ አላውቅም። ሰዉ ገለል እያለልኝ፣ ቀስ ብዬ፣ ወደ መድረኩ ተራመድኩ።