የቀኝ አውራ ጣት

ሕጉስ ጥሩ ነበር። ሠራተኛ በሥራ ላይ ሳለ ከተጎዳ ካሣ ይከፈለዋል ይላል፤ በፋብሪካው ግድግዳ ላይ፣ ከመፈክሩ ዝቅ ብሎ ተለጥፏል። ከልደታ ማርያም ቁልቁል ያለው የቆርቆሮ ፋብሪካ ሠራተኛ በውይይት ክበብ ስንት ጊዜ ተነቦለታል! ገብረጊዮርጊስማ በቃሉ ይዞት ነበር።

ገብረጊዮርጊስ የጠዋት ፈረቃ ቆርቆሮ ቆራጭ ነው። ከሰዓት ያችኑ ማሽን የሚረከበው መሐሙድ የስምንት ዓመት ጓደኛው ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ውል ነበር። አርብ አርብ መሐሙድ ከጁምዓ ሶላት እስኪመለስ ገብረጊዮርጊስ የሱን የመግቢያ ካርድ መትቶ ማሽኑ ላይ ይቆይለታል። በግንቦት ልደታ ደግሞ መሐሙድ በማለዳ መጥቶ የገብረጊዮርጊስን ካርድ ይመታና እስከ ቀትር ይሠራለታል፤ ገብረጊዮርጊስም ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ቤተ ክርስቲያን ይውላል። ፎርማኑ ኩማ ያያል፤ ግን ፊቱን ያዞራል። ቆርቆሮው እስከተቆረጠ ድረስ እሱ ምን ቸገረው!

የ1975 ግንቦት ልደታ ሰኞ ቀን ዋለ። ገብረጊዮርጊስ ነጠላውን አጣፍቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ መቁረጫው የመሐሙድን ቀኝ አውራ ጣትና ከጎኑ ያሉትን ሁለቱን ወሰደ።

ገብረጊዮርጊስ ሆስፒታል ሄዶ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«በኔ ካርድ ነው የገባው እላለሁ፤ ካሣህን አታጣም። በልደታ!» አለው።

መሐሙድም አመነው። ለምን አያምነው?

ነገሩ ግን እንዲህ ነበር፦ በካርዱ መሠረት መሐሙድ ያን ጠዋት ፋብሪካው ውስጥ አልነበረም። ማሽኑ ላይ የነበረው ገብረጊዮርጊስ ነው፤ የሱ አሥር ጣቶች ደግሞ ሙሉ ናቸው። እንግዲህ የተጎዳ ሠራተኛ የለም ማለት ነው! ኩማ ሲጠየቅ «እኔ ያየሁት ነገር የለም» ብሎ ተገላገለ። የመሐሙድ ካሣ በገብረጊዮርጊስ አንድ ቃል ላይ ተንጠለጠለ።

የካሣው ጉዳይ ከሚታይበት ስብሰባ በፊት በነበረው ቀን የአስተዳደር ኃላፊው ጓድ ወልደአማኑኤል ገብረጊዮርጊስን አስጠራው።

«ካርድህን ሰው እጅ ሰጥተህ ከሆነ ቀልድ እንዳይመስልህ። አሻጥር ነው። ደጉን ታስታውሰዋለህ?»

ደጉን ማን ይረሳዋል! አንድ ሞተር ተቃጠለ ተብሎ ከማሽኑ ላይ ተወስዶ፣ ለሚስቱ የተመለሰላት ልብሱ ብቻ ነው። ገብረጊዮርጊስ ቤቱ ገብቶ ሦስት ልጆቹ ራት ሲበሉ ተመለከተ። ነገሩ ያለቀው እዚያ ነው፤ ለራሱ ግን ገና አልነገረውም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቢሮ ተሰበሰቡ። መሐሙድ የተጠቀለለ እጁን ሚስቱ ዙሃራ ባሰረችለት ሻሽ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ገብረጊዮርጊስን ሲያይ ፈገግ አለ።

«ግንቦት አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ላይ ነበርክ?» አለ ጓድ ወልደአማኑኤል።

ገብረጊዮርጊስ ወደ መሐሙድ አላየም።

«ነበርኩ፣ ጓድ።»

የመሐሙድ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ የሰማውን ለማመን ጊዜ ወሰደበት።

«ሳይፈቀድለት ገብቶ ይሆናል» ሲል ገብረጊዮርጊስ ጨመረ። ይቺን እንኳ ማንም አልጠየቀውም። ፈሪ!

ጸሐፊዋ ሠርካዲስ ውሳኔውን በታይፕ መታችው፤ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ስለሌለ ካሣ አይገባውም የሚል። መሐሙድ ውሳኔው እንደደረሰው መፈረም ነበረበት። ስሙን መጻፍ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የጻፈባቸው ጣቶች ግን የሉም።

«በጣትህ ፈርም» አለች ሠርካዲስ፣ ቀና ሳትል የቀለሙን ሣጥን እየገፋችለት። «የቀኝ አውራ ጣት ነው የሚለው ቅጹ።»

መሐሙድ የተጠቀለለውን እጁን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሠርካዲስ አየችውና ወደ አለቃዋ ዞረች።

ጓድ ወልደአማኑኤል ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው። «በግራው ያድርግ» አለ። «ከጎኑ ግን ምክንያቱ ይጻፍ፤ ኋላ ኦዲተር እንዳይጠይቀን።»

ሠርካዲስም ጉዳት የለም ከሚለው መስመር ሥር በእጇ ጻፈች፦ «ፈራሚው የቀኝ አውራ ጣት የሌለው በመሆኑ በግራው ፈርሟል።»

«ምስክር ይፈርምበት» አለ ኃላፊው፤ ብዕሩንም ለገብረጊዮርጊስ ዘረጋለት።

ገብረጊዮርጊስ ብዕሩን ተቀብሎ ቆመ። ያኔ ነው መሐሙድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው።

«ፈርም እንጂ ገብሬ። ጣት እንደሌለኝስ ታውቃለህ።»

ፈረመ። ዕለቱ አርብ ነበር። መሐሙድ ጁምዓ ሊሰግድ ወጣ፤ ከእንግዲህ ማሽኑ ላይ የሚቆይለት ሰው አያስፈልገውም።