የጽናት ቴአትር የመጀመሪያ ቀን

እናንተዬ፣ ልጃችሁ የደላ ሥራዋን ትታ ብትመጣ ምን ትሏታላችሁ? የእኔዋ ጽናት አዲስ አበባ የአንድ ትልቅ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ነበረች። በዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት ለቀቀችና እኔ ወዳለሁባት ወደ መሐል ሜዳ ከተማ መጥታ የቴአትር ቡድን መሪ ሆነች። እኔማ ተመለሺ እያልኩ ስንት ቀን ጨቀጨቅኋት።

የቀበሌው ሊቀ መንበር አዳራሹን ሲሰጧት፣ «በመጀመሪያው ቀን ሰው ካልገባ ቁልፉን ትመልሻለሽ» አሏት። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ከእኔና ከሦስት አስተማሪዎች በቀር የገባ የለም።

«ቢሆንም እንጀምራለን እማዬ» አለችኝ።

ቴአትሩ ውስጥ ባሏ የሞተባት ሴት አለች። ተዋናይዋ ደረቷን እየደቃች ስትጮህ፣ ከገበያ የሚመለሰው ሰው እውነት መሰለው። ለቅሶ ሰምቶ ማን ያልፋል? ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ገባ። አዳራሹ ጢም አለ።

«ማነው የሞተብን?» አሉ ጎረቤታችን አባባ ቅጣው፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

ጽናት መድረኩ ላይ ወጣች። «የሞተ የለም አባባ፣ ቴአትር ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ። መውጣት የፈለገ ይውጣ።»

«አንቺ ልጅ፣ በባዶ አስለቀስሽን!» አሉና ቁጭ አሉ። «በይ እንግዲህ፣ የሴትዮዋን መጨረሻ ሳናይ አንሄድም።»

ሰዉ ሳቀ፤ አንድም የወጣ የለም። ልጄን አየኋት፤ ኩባንያ ሳለች እንዲህ ፊቷ ሲበራ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ተመለሺ ብያት አላውቅም።

እናንተም ስትጸልዩ ልጄን ወለተ ሚካኤል ብላችሁ አስቡልኝ፤ የክርስትና ስሟ ነው።