ለድንኳኑ የሚሰቀል ፎቶ

ዮአብ ኩላሊቱን ታሞ በሞተ ማግስት፣ ካዛንቺስ ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ሲተከል፣ እህቱ ፍሬሰላም የሱን ካሜራ ይዛ ፎቶ ቤት ሄደች። ልቅሶው ላይ የሚሰቀል ፎቶ አልነበራቸውም። እንባም አልመጣላትም፤ እግሯ ብቻ ይሄድ ነበር።

ባለፎቶ ቤቱ ሁዘይፋ ካሜራውን ሲያገላብጥ ቆየ። "እህቴ፣ ይሄ ሁሉ የጀት አውሮፕላን ነው። ሰውየው የታለ?"

"በቃ፣ እሱ አውሮፕላን ሲያነሳ ነው የኖረው። ያለው መታወቂያው ነው።"

ሁዘይፋ እንደ ልማዱ የመታወቂያውን ፊት ቆርጦ በኮምፒውተር ሱፍና ከረባት አለበሰው። እናታቸው ወይዘሮ ሙሉመቤት ግን "ይሄን ሰውዬ አላውቀውም፤ ከዚህ አንሱልኝ" አሉ።

ፍሬሰላም አልተከራከረችም። ወደ ፎቶ ቤቱ ተመልሳ ዮአብ ከሁሉም የሚወደውን ፎቶ በትልቁ አሳትማ ድንኳኑ ውስጥ ሰቀለች። በአየር ትርዒት ላይ ሲያርፍ የፊት ጎማው የታጠፈበት ተዋጊ ጀት፣ በአፍንጫው አስፋልቱን እየፋቀ ብልጭታ ይረጫል።

ከለገሃር የመጣች ዘመዳቸው ፎቶው ፊት ቆማ ደረቷን ደቃች። "ወይኔ ወንድሜ! አብራሪ ነበርክ እንዴ! በእሳት አለቅክብኝ!"

 ወይዘሮ ሙሉመቤት ከተቀመጡበት ሳይነሱ "አብራሪውማ ደህና ወጥቷል። ልጄ ፎቶ አንሺው ነው" አሉ።

"ታዲያ እሱ የቱ ጋ ነው፣ እትዬ?"

"ፊት ለፊቱ ቆሞ እያነሳ ነዋ። እዚያ፣ አንቺ የቆምሽበት ጋ።"

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ወደ ጎን ፈቀቅ አለችለት።