ሁለተኛው ምድጃ

ጌዶ ከተማ የኦቦ ጃርሶ ዳቦ ቤት የጋዝ ምድጃ ፈንድቶ ጋጋሪዋን ሲንቄን ክፉኛ ካቃጠላት በኋላ፣ ምክንያቱን እንድታጣራ መሐንዲስ ዶርቃስ ከአምቦ መጣች። ሰው ሁሉ «ሲንቄ ጋዙን ከፍታ ክብሪት አዘግይታ ነው» ይል ነበር። ዶርቃስ ግን ስብርባሪውን ስታገላብጥ፣ እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን የሚዘጋው ቫልቭ እንዳይዘጋ በሽቦ ታስሮ አገኘችው።

«ኦቦ ጃርሶ፣ ይህን ማን አሰረው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «በየጊዜው እየዘጋ ዳቦውን አበላሸብኝ።»

«ሌላ ምድጃስ አለዎት?»

የሰውየው ፊት ተለዋወጠ። «መናኸሪያው ጋ አለ። ልጄ ኤቢሴ ናት የምትጋግርበት። እሱንም አስሬዋለሁ።»

ደወሉላት፤ ስልኳ አይነሳም። ባጃጅ ውስጥ ዘለው ገቡ። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱን ከብት ሞልቶታል። ባጃጁ ጡሩንባ ቢነፋም በሬዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ዶርቃስ መታገሥ አቅቷት ወርዳ ሮጠች።

የዳቦ ቤቱ በር ላይ የጋዝ ሽታ ተቀበላት። ውስጥ ኤቢሴ የጠፋውን እሳት ልትለኩስ ክብሪት አውጥታለች።

«እንዳትጭሪው!»

ዶርቃስ ሲሊንደሩን ዘግታ ልጅቷን እየጎተተች አወጣቻት። ኦቦ ጃርሶም እያለከለኩ ደረሱ፤ ልጃቸውን አቅፈው አለቀሱ።

«ሲንቄን ሲወቅሷት ዝም አልኩ» አሉ።

«ሆስፒታል ሄደው እውነቱን ይንገሯት። ግን ቫልቭ ማሰርን ማን አሳየዎት?»

«አዲስ ዓለም ከተማ ዳቦ ቤት ያለው አንድ ወዳጄ።»

«የወዳጅዎን ስልክ ቁጥር ይስጡኝ» አለች ዶርቃስ፣ ስልኳን እያወጣች።