የዘለልሽው መልስ

«ክቡር ሚኒስትር፣ በአጭሩ ይንገሩን። ቁፋሮው ቆሟል ወይስ አልቆመም?»

አስተርጓሚዋ የጋዜጠኛዋን ጥያቄ በእጆቿ ጨርሳ የሚኒስትሩን አፍ ጠበቀች። በቴሌቪዥኑ ጥግ፣ ከመዳፍ በማትበልጥ ሳጥን ውስጥ ሆና መስማት ለተሳናቸው ተመልካቾች በምልክት የምታወራው እሷ ናት። የማዕድን ማውጫው ዋሻ ከተደረመሰ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። እንደገቡ ከቀሩት ዘጠኝ ሠራተኞች አንዱ ታናሽ ወንድሟ ነው።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ ሚኒስትሩ ፈገግ ብለው። «ከሁሉ አስቀድሜ ግን ለሕዝባችን ግልጽ ማድረግ የምፈልገው፣ ዘርፉ ባለፉት ሦስት ዓመታት ያስመዘገበውን ለውጥ ነው…»

የስቱዲዮው ሰዎች እሳቸው በሌሉበት «ሳሙና» የሚሏቸው በከንቱ አይደለም። ጋዜጠኛዋ ሦስት ጊዜ ጠየቀቻቸው፤ ሦስቴም ሙልጭ አሉ። የአስተርጓሚዋ እጆች ዘርፉን፣ ለውጡን፣ ቁርጠኝነቱን እየተከተሉ ተንከራተቱ። የሙያው ሕግ አጭር ነው፤ የተባለውን ሁሉ ማለት፣ ያልተባለውን አለመጨመር።

ለምሳ ቤት ስትደርስ አባቷ ባዶ እግሩን ሳሎኑ መሃል ቆሟል። መስማት የተሳነው አናጺ ነው። የጣውላውን ወለል የሠራው ራሱ ነው፤ ከልጆቹ የትኛው እንደገባም በእግሩ ለይቶ ያውቃል። ከአደጋው ወዲህ ቤት ውስጥ ጫማ አላደረገም።

«ዘለሽዋል» አላት በእጁ፣ ገና በሩን ሳትዘጋ።

«ምኑን?»

«መልሱን። ሴትዮዋ ሦስት ጊዜ ጠየቀችው። ሰውዬው አምስት ደቂቃ ሙሉ አፉን ሲያንቀሳቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። አንቺ ግን ስለ ዘርፍ፣ ስለ ዕቅድ ታወሪያለሽ። ስለ ልጄ ምን አለ?»

«ምንም አላለም አባዬ። እውነቴን ነው።»

«አምስት ደቂቃ ሙሉ ምንም? ሰው ያን ያህል ምንም ማለት ይችላል?»

«እሱ ይችላል። እንጀራው ነው።»

አባቷ አልሳቀም። «ያኔም እንዲህ አድርገሻል» አለ።

የትኛውን ጊዜ እንደሚል አላጣችውም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች፣ ሐኪሙ ስለ እናቷ የተናገረውን ለአባቷ የማድረስ ዕዳ የወደቀው በእሷ ላይ ነበር። ሐኪሙ «ከሁለት ሳምንት አታልፍም» አለ። እሷ አንጀቷ አልችል ብሏት «ትድናለች» አለችው። አባቷ ለሚስቱ አዲስ አልጋ መሥራት ጀመረ። አልጋው ሳያልቅ ቀበሯት። ከዚያ ወዲህ ሃያ አራት ዓመት አንድም ቃል ሳታጎድል ብትተረጉምለትም፣ በሙሉ ልቡ ያመናት ቀን የለም።

«ትናንት ወለሉ ተንቀጠቀጠ» አለ አባቷ። «ወንድምሽ ነው። ሲመጣ አውቀዋለሁ። ወይ በሕይወት አለ፣ አካፋዬን ይዤ ልሂድ፤ ወይ ሞቷል፣ እርሜን ላውጣ። ቁርጡን ንገሪኝና መሃል ላይ አትቁሚብኝ።»

በዚያች ቅጽበት ከጣውላው ሥር የሆነ ነገር በጫማዋ በኩል ሽቅብ የመጣ መሰላት። የጎረቤት ልብስ ማጠቢያ ማሽን ይሆናል ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች። ፈርታለች። ምሳዋን ሳትበላ ተመልሳ ወጣች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሚኒስትሩ ለቀጥታ ስርጭት ተመልሰው መጡ።

«ፊትሽ ልክ አይደለም፤ ሌላ ሰው ልጥራ?» አላት ዳይሬክተሩ በጆሮ ማዳመጫዋ።

«እችላለሁ» አለች።

ጋዜጠኛዋ ወግ አላበዛችም። «ጠዋት አልመለሱልንም። ቁፋሮው ቆሟል?»

«እንዳልኩት ጥያቄው ተገቢ ነው። የቤተሰቦችን ጭንቀት እንጋራለን። ሥራዎች በተቀመጠላቸው አቅጣጫ መሠረት…»

እጆቿ ተነሥተው «ሥራዎች» አሉ። «አቅጣጫ» ከማለታቸው በፊት አባቷ ታያት፤ ቴሌቪዥኑ ሥር ባዶ እግሩን ቆሞ፣ ከእነዚህ ቃላት መሃል ልጁን ሲፈልግ። እጆቿ እስካወሩ ድረስ የሆነ ቦታ መልስ አለ ብሎ ያምናል። ሚኒስትሩን እያሸሸቻቸው ያለችው እሷም ናት። አፈረች።

«ተጠየቁ። አልመለሱም» አለች በምልክት። ከዚያ እጆቿን አውርዳ ጭኗ ላይ አሳረፈቻቸው።

«ምን ሆነሻል? እያወሩ እኮ ነው!» ዳይሬክተሩ ጆሮዋ ውስጥ ጮኸ። «እጅሽን አንሺ! ከሥራሽ ትባረሪያለሽ፣ እየሰማሽኝ ነው?»

ሚኒስትሩ ስለ አቅጣጫው ቀጥለዋል። አባቷ አሁን እንደሚያምናት ታውቃለች። ሲያምናት ደግሞ ልጁን የሚቆፍርለት ሰው እንደሌለ ይገባዋል፤ ይህንንም ታውቃለች።

«ሲመልሱ አነሣለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከካሜራው ሳትነቅል።