አሻንጉሊቱ እናት የለውም

ትዕግሥት የሚባል ነገር እኔ ላይ አልፈጠረብኝም። እናቴ «ቤዛዊትን በሰባት ወሯ ነው የወለድኳት» እያለች ትቀልድብኛለች።

የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ለልምምድ ወገዳ አጠገብ ካለ ጤና ጣቢያ ተመድቤያለሁ። መንገዱ አላስኬድ ስላለ መምህራችን ዶክተር ዘካርያስ የተግባር ሥራውን የሚያሳየን በቪዲዮ ነው። እኔ ደግሞ ሁሉንም በእጥፍ ፍጥነት ነው የማየው። ሳይተነፍስ ለተወለደ ሕፃን አየር መስጠትን ያሳየን በላስቲክ አሻንጉሊት ነበር፤ ጭምብሉን አፍና አፍንጫው ላይ ደፋ፣ አየር የሚገፋውን ኳስ ጨመቅ ጨመቅ አደረገ፣ «ይኸው አለቀሰ» አለና ጨረሰ። እኔም በጤና ጣቢያው አሻንጉሊት እንደዚያው አደረግሁ። ቻልኩት ብዬ ተኩራራሁ።

ማክሰኞ ጧት ፅጌ የምትባል ሴት በቃሬዛ መጣች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። «ማርያም! ማርያም!» ስንል ልጁ ወጣ። ሰማያዊ፣ ዝልፍልፍ ያለ፣ ድምፅ የሌለው። አዋላጇ ሲስተር አመተ ማርያም ጠራርገው ጀርባውን አሹት፤ ወይ ፍንክች! እትብቱን ቆርጠው ሰጡኝ። ወዲያው ፅጌ መድማት ጀመረች።

«ልጁን ያዢ!» አሉኝና ወደ እናትየዋ ዞሩ።

ጭምብሉን ደፍቼ ኳሱን ጨመቅሁ። ጨመቅሁ፣ ጨመቅሁ፣ ጨመቅሁ። ደረቱ አልተነሳም።

«ምነው አያለቅስም?» አለች ፅጌ።

ይህን ማን አስተማረኝ? አሻንጉሊቱ እናት የለውማ! ዶክተር ዘካርያስ አጠገብ ተኝታ የምትጠይቀው ሴት አልነበረችም። ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ ባሰብኝ፣ ጭራሽ ፈጠንኩ።

«አንቺ! ጤፍ እየወቃሽ ነው?» ጮኹብኝ ሲስተር፣ እጃቸው የፅጌ ሆድ ላይ እንዳለ። «አንገቱን ቀና አድርጊ፣ ጭምብሉን አጥብቂ! እግዚኦታ ታውቂ የለ? ‹እግዚኦ› ስትዪ ጨመቅ፣ ‹ተሣሃለነ› ስትዪ ለቀቅ!»

«እግዚኦ… ተሣሃለነ። እግዚኦ… ተሣሃለነ።» ደረቱ ተነሳ!

ፅጌ ግን እሪ አለች። «እግዚኦታ ጀመራችሁ? ልጄ ሞተ? ወይኔ ልጄን!»

«አልሞተም! እየቆጠርኩ ነው!» ብዬ ጮህኩባት። በወለደች ሴት ላይ ይጮኻል? ጮህኩ። «አንቺም አብረሽኝ በይ!»

እውነትም ያዘችው። እኔ «እግዚኦ» ስል እሷ በደከመ ድምፅ «ተሣሃለነ» ትላለች። እሷ እስክትጨርስ መጠበቅ ነበረብኝ፤ እጄም በግዱ ረጋ።

ግን አያለቅስም። ቪዲዮው ላይ ቢሆን ይሄኔ አልቅሶ ነበር።

«ሲስተር፣ በቃ ሞቷል» አልኩ በሹክሹክታ።

«ልቡ ይመታል?»

ጣቴን ደረቱ ላይ አደረግሁ። «ይመታል።»

«ታዲያ ማን ገደለው? ቀጥዪ!»

ቀጠልኩ። ይቺን ጭንቅ ቪዲዮው ላይ ቆርጠዋታል መሰለኝ፤ ባይቆርጧትም እኔው እዘላት ነበር። ፅጌም አላቆመችም፤ አንዳንዴ ድምፅዋ ይጠፋና ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

መጀመሪያ ከንፈሩ ቀላ። ከዚያ አንዴ ቃተተ። ከዚያ እንደ ድመት ግልገል ሲጢጥ አለና ለቅሶውን ለቀቀው!

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሉ ሲስተር፤ ደሙም ቆሞላቸው ነበር።

ጠቅልዬ ደረቷ ላይ አስተኛሁላትና እዚያው ቆምኩ። እንባዬና ንፍጤ አንድ ላይ ይወርዳል፤ ሳጉ አልለቅ አለኝ። ፅጌ ልጇን አየች፣ ቀና ብላ ደግሞ እኔን አየችኝ።

«እሱ አለቀሰ አይደል? በይ አንቺ ዝም በይ፣ እህቴ» አለችኝ።