የይርገዱ አውራ ጣት

የመካነ ሰላሙ ራፖር ጸሐፊ አቶ ውበቱ በሕይወቱ የሚፈራው ሁለት ነገር ነው ይባላል፤ አንዱ ሚስቱን ብዙዬን፣ ሁለተኛው ከኖርዌይ የሚመጣ ፖስታ። በ1966 ዓ.ም. ግንቦት ሲገባ ሁለቱም ባንድ ቀን ተነሡበት።

ፖስታውን ያመጣው ከደሴ ጨው ጭኖ የመጣው ሾፌር መለሰ ነበር። ውበቱ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ለአንድ ባላገር የድንበር ክስ ይጽፋል። ፖስታውን ሲያይ ብዕሩን አስቀመጠና «ነገ ተመለስ» አለው ባላገሩን።

«ኧረ ቀጠሮዬ ነገ ነው ጌታዬ!»

የሚሰማው አላገኘም። ፖስታው ላይ እንደ ወትሮው «ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ይርገዱ፣ በጋሽ ውበቱ በኩል» ተብሎ ተጽፏል። ወይዘሮ ይርገዱ ግን ከሞተች አምስተኛ ወሯን ይዛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የይርገዱ አንድያ ልጅ እንቁ ደሴ ትማር ነበር። በትምህርቷ የሚቀድማት ስላልነበረ፣ በተማሪ ልውውጥ ተመርጣ ኖርዌይ ከሚባል አገር፣ ከአንድ ቤተሰብ ጋር እየኖረች አንድ ዓመት እንድትማር ተላከች። እናቷ ማንበብም መጻፍም አትችልም። ውበቱ ደግሞ ጎረቤቷ ነው፤ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሯል፣ ሰው በበዛበት ቦታ ስምንተኛ ያደርገዋል። ይርገዱ በየወሩ ሳጥኑ ፊት ተቀምጣ ታስጽፈዋለች። እሱ «ሰላምታዬ ከሰማይ ከዋክብት፣ ከባሕር አሸዋ ይብዛና» ብሎ ሲጀምር፣ «ኮከቡን ተወውና ላሚቱ መውለዷን ጻፍልኝ» ትለዋለች። ሲያበቁ ቀኝ አውራ ጣቷን በማኅተም ቀለሙ ላይ ያስነካና ከወረቀቱ ግርጌ ያሳርፈዋል። «አሁን ገና እኔ ሆንኩ» ትላለች፣ ጣቷን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች።

የእንቁ መልስ ሲመጣ ሰፈሩ ተሰብስቦ ይሰማል። በረዶው እስከ ወገብ እንደሚደርስ፣ ሰዉ እግሩ ላይ ሳንቃ አስሮ በላዩ እንደሚንሸራተት፣ አይቡ ቡናማ ሆኖ እንደ ስኳር እንደሚጣፍጥ ትጽፋለች። በበጋቸው ፀሐይ ሌሊቱንም እንደማትጠልቅ የጻፈች ጊዜ፣ ጨውና ላምባ የምትሸጠው ዘይነባ ራሷን ይዛ ነበር።

«ካልጠለቀች መቼ ሊያፈጥሩ ነው? ወላሂ፣ እዚያ አገር ያለ እስላም በረሀብ አልቋል!»

በረሀብ ያለቀውስ የወሎ ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ከምሥራቁ ቆላ ከብቱን የጨረሰ ሕዝብ ወደ ደጋው ይወጣ ጀመር። የመካነ ሰላም ገበያ ራሱ ባዶ ስልቻ የሚዞርበት ሆነ። ይርገዱ የቀራትን ገብስ እየከካች፣ ቅንጬ እየቀቀለች፣ በመንገድ ዳር ለወደቀው ታጎርስ ነበር። ከእነሱው ተስቦ ያዛት። ታኅሣሥ ላይ፣ በሞተች ዋዜማ፣ ውበቱን አስጠራችው።

«ከሰማች ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች» አለችው። «ዓመቱን እስክትጨርስ አለች በላት።»

ውበቱ ቃል ገባ። ቃል ባይገባስ ምን ያደርግ ነበር? በዚህ አገር መርዶ በወረቀት አይላክም። መርዶ ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀርቦ ነው የሚነገረው፤ ሰው ብቻውን ሰምቶ ልቡ እንዳይሰነጠቅ፣ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዲኖር። ሰው በማታውቅበት አገር ለተቀመጠች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ «እናትሽ ሞተች» ብሎ ጽፎ፣ ቴምብር ለጥፎ መላክ ከመግደል አይተናነስም።

ስለዚህ ከጥር ጀምሮ ውበቱ ይርገዱን ሆኖ ጻፈ። አውራ ጣቷን የምታውሰው ብዙዬ ነበረች፤ «የሴት ጣት ይሻላል» ብሎ ለምኗት። መጀመሪያ ከበደው፣ በኋላ ግን እየለመደው ሄደ። ኮከቡንና አሸዋውን ተወ። የሞተችው ላም በውበቱ ደብዳቤ ውስጥ ትታለባለች፤ ዝናቡም በወቅቱ ይዘንባል። እንቁ «የወሎን ሰው በቴሌቪዥን አሳዩን፤ እውነት ነው ወይ?» ብላ ስትጠይቅ፣ «ያ በወዲያ በኩል ነው ልጄ፣ እኛ ደህና ነን» ብሎ መለሰላት። ያን ቀን ራት አልበላም።

አሁን የግንቦቱ ደብዳቤ መጣ። ውበቱ ቤቱ ገብቶ ለብዙዬ አነበበላት። እንቁ እንዲህ ትላለች፦ «ዓመቴ እያለቀ ነው። አብሬያቸው የምኖር ሰዎች ከወደድሽ አንድ ዓመት ጨምረሽ ተማሪ ብለውኛል። እናቴ፣ አንቺ መፍቀድ አለብሽ። ከፈቀድሽ አብሮት በላክሁት ወረቀት ላይ እንደ ወትሮው ጣትሽን አድርጊበት። ካልፈቀድሽ ሐምሌ ላይ እመጣለሁ።»

ከፖስታው ውስጥ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ሌላ ወረቀት ወጣ። ከግርጌው ባዶ መስመር አለ። ውበቱ የማኅተም ቀለሙን አወጣ።

«ነይ እስቲ ብዙዬ፣ ጣትሽን።»

ብዙዬ አውራ ጣቷን በሌሎቹ አራት ጣቶቿ ውስጥ ሸሸገች። «አልሰጥም።»

«እስካሁን ሰጥተሽ የለም ወይ?»

«እስካሁን ልጅቱን ላጽናና ነው። ይኸ ግን በሬሳ ስም መፈረም ነው። ከፈለግህ ማጭድ አምጣና ቆርጠህ ውሰደው!»

ዘይነባ ደግሞ ጩኸቱን ሰምታ ከሱቋ ብቅ አለች። ነገሩን ስትረዳ ወገቧን ያዘች። «ትቅር እንጂ! ወላሂ ትቅር! እዚህ ምን አለና ትመጣለች? ራሱ ሬዲዮኑ ወታደር ሚኒስትር አሰረ ይላል። ገብሱ የለ፣ እናቷ የለች። እዚያ እንጀራ ባይኖር ያ ጣፋጭ አይብ አለላት። አቶ ውበቱ፣ የራስዎ ጣት የለዎትም?»

ነበረው። ሴቶቹን ትቷቸው ወረቀቱን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ። አውራ ጣቱን ቀለም ቀባና መስመሩ ላይ አንዣበበ። አንዲት መንካት ናት። ልጅቱ ትጠግባለች፣ ትማራለች፣ ምናልባትም ሐኪም ትሆናለች። እሱም ዓይኗን ከማየት ይድናል፤ እውነቱን ለመናገር ይኸኛው ይበልጥ አማለለው። ግን የሚቀጥለው ዓመትስ? ሌላ ወረቀት ቢመጣ? ይርገዱ በደብዳቤ ውስጥ ሸምግላ፣ ስንት ዘመን ልትኖር ነው? ልጇስ ሳታለቅስላት?

ቀለሙ ጣቱ ላይ ደረቀ። ያኔ የይርገዱ ቃል ትዝ አለው። «ዓመቱን እስክትጨርስ» ነበር ያለችው። ከዚያ ወዲያ አላለችም። ቃል ያስገባችው እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው፤ ዓመቱ አልቋል።

ጣት ያላረፈበትን ወረቀት እንዳለ አጥፎ ከመልሱ ፖስታ ከተተና፣ አንዲት አጭር ደብዳቤ ጻፈ፦ «ልጄ፣ ዓመትሽን ጨርሰሻል። ነይ።» ከግርጌው የማንንም ጣት አላደረገበትም።

ዘይነባ ሳምንት ሙሉ ኩርፍ ብላ ላምባ አልሸጥም አለችው። በጨለማ በላ።

ሐምሌ ደረሰ። ዝናቡ ዘንድሮ ለጉድ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ብቻ። እንቁ ደሴ መግባቷ ስለ ተሰማ፣ ውበቱ ገበያውን ሁሉ እየዞረ ቃል አስገባ። እናቷ ጠበል ሄዳለች ይባላል፤ ልጅቱ በውበቱ ቤት ታድራለች፤ ጎሕ ሲቀድ የይርገዱ የንስሐ አባትና ጎረቤት መጥተው በወጉ ያረዷታል። ከዚያ በፊት አንድ ሰው «ነፍስ ይማር» ካለ ሁሉም ነገር ተበላሸ። ሦስት መቶ ገበያተኛ አፉን እንዲይዝ መጠበቅ፣ እንግዲህ፣ ውሃ በወንፊት እንደ መቅዳት ነው።

የመለሰ መኪና በቀትር ይደርሳል ተብሎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቅ አለ። መንገድ ላይ ወታደሮች ከጆንያ ጆንያ ሲፈትሹ ነው የቆየው። እንቁ ከጋቢናው ወረደች። ቁመቷ ጨምሯል፤ ጸጉሯ አጥሯል። ሴቶቹ ተንጋግተው ሳሟት፤ ደግመው ሳሟት፤ አንዳንዷ አንገቷን ይዛ አለቅም አለች። ውበቱ ላብ አጠመቀው። እንደዚህ አድርጎ ሰው የሚሳመው ለቅሶ ላይ ነው።

ዘይነባ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ዓይኔ ውስጥ በርበሬ ገባ» አለች።

«ጨው እንጂ በርበሬ መቼ ይሸጡ ጀመር፣ እትዬ ዘይነባ?» አለች እንቁ።

ልጅቱ ውበቱን አየችው።

«እማዬስ?»

«ጠበል ሄዳለች» አለ ውበቱ። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። «እግሯን ትንሽ ስላመማት። ቤቱን ቆልፋ... ከኛ ዘንድ ትደሪያለሽ።»

እንቁ «እሺ» አለች። ሌላ አልጠየቀችም። ይህ «እሺ» ውበቱን ከጩኸት ይልቅ አስደነገጠው። እናቱ ጠበል የሄደች ልጅ የትኛው ጠበል፣ መቼ ትመጣለች፣ ማን ወሰዳት ብላ ትጠይቃለች እንጂ።

አመሻሽ ላይ ብዙዬ ወጡን ስታወጣ፣ እንቁ ሻንጣዋን ከፈተች። በላዩ አጋዘን የተጠለፈበት ወፍራም የሱፍ ሹራብ አውጥታ መደቡ ላይ አኖረች። ቀጥላ በክር የታሰሩ ደብዳቤዎች አወጣች። ፈትታ በሁለት ረድፍ ደረደረቻቸው።

«ጋሽ ውበቱ፣ እስቲ ይዩልኝ። ጣት የሚያውቁ አንቱ ነዎት።»

ውበቱ ኩራዙን አስጠጋ። በላይኛው ረድፍ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ በእያንዳንዱ አውራ ጣት መካከል አንዲት ነጭ መስመር አግድም ተሰንጥቃለች። ይርገዱ በልጅነቷ ስታጭድ የቆረጣት ማጭድ ጠባሳ ናት። በታችኛው ረድፍ፣ ከጥር ወዲህ፣ ጣቱ ድፍን ነው።

ስንት ጊዜ በገዛ እጁ ይዞ ቀለም ያስነካው ጣት! ሃያ ዓመት የሰው አሻራ ሲያሳርፍ የኖረ ሰው፣ የጎረቤቱን ጣት አንድ ቀን አላየውም። ብዙዬ ጭልፋውን እንደ ያዘች የራሷን አውራ ጣት ተመለከተች።

«ከጥር ጀምሮ... አውቀሻል?» አለ።

«ከጥር ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልጻፍሽልኝም? ለምን ዝም አልሽ?»

«አወቅሁ ብል ደብዳቤው ይቀርብኛል ብዬ ነዋ።» እንቁ የታችኛውን ረድፍ በመዳፏ አስተካከለች። «ልጄ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። ላሚቱ መታለቧን እያነበብኩ አድር ነበር። ላሚቱም ሞታለች አይደል?»

ብዙዬ «አዎን» በሚል አንገቷን ነቀነቀች።

«ያቺን የፈቃድ ወረቀት ግን ሆን ብዬ ነው የላክኋት» አለች ልጅቱ። ድምፏ ጠጠር አለ። «ተጣጥፋ ጣት አርፎባት ብትመጣ ኖሮ፣ እግሬ ይችን አገር አይረግጥም ነበር። እውነት የሚነግረኝ ሰው የለኝም ማለት ነው፣ ለምን እመጣለሁ? ባዶ ሆና መጣች። ያን ቀን ሻንጣዬን አሰርኩ።»

ውበቱ ያን የደረቀ ቀለም አስታወሰና አውራ ጣቱን ወደ ጋቢው ውስጥ ሳበው። ብዙዬ ጭልፋውን ጥላ ደረቷን ልትመታ እጇን ስታነሣ፣ እንቁ ተንጠራርታ ያዘቻት።

«አይሆንም እትዬ። አሁን አይደለም።»

«ኧረ ልጄ፣ እስካሁን ሳታለቅሺላት!»

«እዚያ ለብቻዬ ማልቀስ አቃተኝ። በሩን ዘግቼ ሞከርኩት። ምን እንደሚባል ራሱ ጠፋኝ፤ የሚቀበለኝ የለ፣ የሚይዘኝ የለ።» ወደ ውበቱ ዞረች። «ነገ ጧት ሰው ሊመጣ ነው አይደል?»

«ነው።»

«ይምጡ። ማወቄን ለማንም አይንገሩብኝ። ምንም እንዳልሰማ ሆኜ ልተኛ። አንቱ በወጉ ይንገሩኝ።»

ጎሕ ሲቀድ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ቄሱ መጡ፣ ጎረቤት መጣ፣ ዘይነባ ከሁሉ ቀድማ ከደጃፉ ቆማለች። ቤቱ እስኪጠብብ ገቡ። እንቁ ከመደቡ ተነሥታ በነጠላዋ እንደ ተከናነበች ተቀመጠች፤ ብዙዬ ከጎኗ። ሽማግሌዎቹ ውበቱን ወደ ፊት ገፉት።

ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀው ነገር ነበረው፤ ከኢዮብ የሚጀምር፣ ኮከብና አሸዋ ያለበት። ፊቷን ሲያይ ሁሉም ጠፋበት። ዓይኗ እንደ ማያውቅ ሰው ዓይን ፈርቶ ነበር፤ ወይ አስመሳይ ናት፣ ወይ ደግሞ እውነት እስኪነገር ድረስ ሰው አያውቅም።

«እንቁ» አለ። «እናትሽ ይርገዱ ሞታለች። ታኅሣሥ ላይ። ለራበው ስታጎርስ።»

ልጅቱ ጮኸች። ያ ጩኸት ሰባት ወር የተጠራቀመ ነበር። ስትወድቅ አሥር እጅ ተቀበላት፤ የዘይነባም አለበት። ከመካከል አንዱን እጅ መርጣ ያዘች፤ የብዙዬን። እስከ ረፋድ ድረስ አውራ ጣቷን ጨብጣ አልለቀቀቻትም።